ከበሮው የማይሰማባት ኮሮላ፦ ትንሽ ሳብውፈር የትና እንዴት ልግጠም?

ጥያቄ፦ ባለስቴሽኑ (ማራኪ፣ ጎንደር)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የተረከብኳት እ.ኤ.አ. የ1996 ኮሮላ ስቴሽን አለችኝ። ሞተሯ አያስቸግርም። ችግሩ ሙዚቃው ነው። ማሲንቆው ይሰማል፣ ዘፋኙ ይሰማል፣ ከበሮው ግን የለም። የበሮቹ ስፒከሮች ትንንሽ ናቸው፤ ድምፅ ስጨምር ይንጫጫሉ እንጂ ቤዝ አያወጡም።

ትልቅ ሳጥን ከኋላ መጫን አልችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ገበያ አደርሳለሁ፤ ስትመለስ ከኋላ ጤፍም ሽንኩርትም ይጫናል። ስለዚህ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) አብሮት ያለ፣ ከወንበር ስር የሚገባ ጠፍጣፋ ሳብውፈር፣ ማለትም ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር ገዛሁ። 8 ኢንች ነው። 150 ዋት ይላል፣ ራሱ ላይ 15 አምፔር ፊውዝ አለው።

አንድ ገጣሚ ጋ ወሰድኩት። በ20 ደቂቃ ጨርሶ አስረከበኝ። መብራቱን የቀጠለው ከቴፑ ሽቦ ላይ ነው። ፒያሳ ሳልደርስ የቴፑ ፊውዝ ተቃጠለ። ቀይሬ ስሞክር ደግሞ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር እንደ ትንኝ ሲሲሲ የሚል ድምፅ መጣ። አሁን ሁሉንም ነቅዬ ቤት አስቀምጬዋለሁ። ራሴ ልገጥመው ነው። ከየት ልጀምር? የቱስ ወንበር ስር ይሻላል?

መልስ፦ የድሮ ኤሌክትሪሺያን (አዘዞ)

ልጄ፣ ሳጥኑን ለጊዜው ተወውና ስለ ሽቦው እናውራ። የቴፑ ሽቦ የተዘረጋው ለቴፑ ብቻ ነው። 15 አምፔር የሚፈልግ ዕቃ ስትጨምርበት ፊውዙ መቃጠሉ ደግ አደረገ። ባይቃጠል ሽቦው ነበር የሚቀልጠው።

የሳብውፈር መብራት በቀጥታ ከባትሪው ነው የሚመጣው። ከባትሪው እስከ ወንበሩ ስር 4 ሜትር ያህል ይሆናል። ባለ 1.5 (ስኩዌር ሚሊሜትር) ሽቦ ብትዘረጋ፣ 15 አምፔር ሲያልፍበት መንገድ ላይ 0.7 ቮልት ገደማ ይበላብሃል። ባለ 6 ከሆነ የሚጠፋው 0.2 አይሞላም። ቤዙ ሲመታ የሚደክመው በዚህ ነው፤ ሰው ግን ዕቃውን ይረግማል። የቤት ድፍን ሽቦ ደግሞ እንዳትገዛ። መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ድፍን ሽቦ ውሎ አድሮ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ይሁን።

ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ይግባ። ከ30 ሴንቲ አይራቅ። "ሳብውፈሩ የራሱ ፊውዝ አለው እኮ" ትለኝ ይሆናል። እሱ የሚጠብቀው ሳብውፈሩን ነው። ሽቦው ሞተር ክፍል ውስጥ ተልጦ ላሜራ ቢነካ ማን ያቆመዋል? ባትሪው ያለውን ሁሉ በዚያ ሽቦ ይለቅቃል። እሳት ማለት ነው።

በሞተርና በጋቢና መሀል ያለውን ላሜራ አትብሳ። የፋብሪካው ሽቦ የሚያልፍበት የጎማ ውታፍ አለ፤ በእሱ አሳልፈው። ሥራ ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ።

የሳብውፈሩ ኔጌቲቭ ከወንበሩ አጠገብ ቦዲ ላይ ይታሰር። አጭር ይሁን፣ ግማሽ ሜትር አይለፍ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ብረቱ እስኪያበራ አጽዳው። ባለ ቀለበት ጫፍ አድርገህ በብሎን ጥበቀው፣ ከላይ ግሪስ ቀባው። የኛ ክረምት ዝገት አያዳግተውም። የቀበቶውን ብሎን ግን እንዳትነካ፤ እሱ የሰው ነፍስ ይዟል።

መልስ፦ ተሳፋሪው (ፒያሳ)

ወንድሜ፣ ከበሮ ገዝተህ ከኋላ አንድ ጎበዝ መቺ ብታስቀምጥ አይቀልም? ፊውዝም አይፈልግ።

(ይቅርታ፣ መልስ የለኝም። እኔም ስለምፈልገው እየተከታተልኩ ነው።)

መልስ፦ ካልዲና ነጂ (ባህር ዳር)

እኔም ስቴሽን ነው የምነዳው፤ ሁለት ቦታ ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ከኋላ ስኮርታ ጎማው ያለበት ጉድጓድ ውስጥ አስገባሁት። ድምፁ ቆንጆ ነበር፣ ግን ስኮርታው ከላይ ተጋድሞ ቀረ። አንድ ቀን ወረታ ላይ ጎማ ሲፈነዳብኝ ዕቃውን ሁሉ አስፋልት ዳር አወረድኩ። በማግስቱ ከጋቢናው ወንበር ስር አዛወርኩት።

ከመግጠምህ በፊት ለካ። ወንበሩን ወደፊትም ወደኋላም ግፋው፤ ሀዲዱ ሳጥኑን እንዳይነካ። ከዚያ ከበድ ያለ ሰው አስቀምጥና ከስር የቀረውን ከፍታ ለካ። ባዶ ወንበር ያታልላል፣ ስፖንጁና ሽቦው ሰው ሲቀመጥበት ወደ ታች ይወርዳል። ሳጥኑን ሞኬቱ ላይ ዝም ብለህ አታስቀምጠው። ፍሬን ስትይዝ ተንሸራቶ እግር ስር ይመጣል። በዝናብ ወቅት ሞኬቱ ስለሚረጥብም ትንሽ ከፍ አድርገህ እሰረው።

ጥያቄ፦ ባለስቴሽኑ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ማን ይነግረኝ ነበር? ሁለት ነገር ልጨምር። ቴፔ አሮጌ ስለሆነ ከኋላው የአርሲኤ መውጫ (ድምፅን ወደ አምፕ የሚያወጣ ክብ መሰኪያ) የለውም። ገጣሚው ከስፒከር ሽቦ ነበር የወሰደው። ይህ ትክክል ነው? ያ የትንኝ ድምፅስ ከምን ይመጣል?

ሌላው ደግሞ፦ ሳብውፈር ከፊት ሆኖ ቤዙ ከእግር ስር ብቻ አይመጣም ወይ? ሰው ሁሉ ከኋላ ነው የሚያደርገው።

መልስ፦ የድሮ ኤሌክትሪሺያን

ከስፒከር ሽቦ መውሰዱ ስህተት አይደለም፤ ሳብውፈሩ ላይ ለዚያ የተዘጋጀ መግቢያ ካለ። አብዛኞቹ አላቸው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አታቀያይር። የቴፑን የስፒከር ኔጌቲቭ ቦዲ ላይ እንዳታስር፣ ቴፑን ታቃጥለዋለህ።

ሪሞት የምትባለው ቀጭን ሽቦም አለች። ቴፑ ሲበራ ሳብውፈሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆና ነጭ መስመር አላት። ቀለሙን አትመን፣ በቴስተር አረጋግጥ፦ ቴፑ ሲበራ 12 ቮልት፣ ሲጠፋ ባዶ። ቀጥታ ከባትሪ ካሰርካት ሳብውፈሩ ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል፣ ጠዋት መኪናህ አትነሳም።

ከሞተሩ ጋር እኩል የሚጮኸው ድምፅ ከዲናሞው ነው የሚመጣው። መንስኤው ብዙ ጊዜ መጥፎ የኔጌቲቭ እስር ነው። አለዚያ የመብራቱ ሽቦና የድምፁ ሽቦ ጎን ለጎን ሄደዋል። አንዱን በግራ በር ስር፣ ሌላውን በቀኝ አሳልፍ።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህርት (ቀበሌ 18)

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄህን እኔ ልመልስ። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። 50 ኸርዝ የሆነ ቤዝ አንዱ ሞገድ ብቻ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፤ መኪናህ ራሷ ያን ያህል አትረዝምም። ስለዚህ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ጆሮ ከየት እንደመጣ በደንብ አይለየውም። ስቴሽን ደግሞ አንድ ክፍል ናት፤ እንደ ቤት መኪና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫዋ በላሜራ አልተለየም። ከፊት ብታደርገው የምታጣው ነገር የለም።

አንድ ሁኔታ አለ። ሳብውፈሩ ላይ ያለውን ማጣሪያ (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚቆርጠውን) 80 ኸርዝ አካባቢ አድርገው። ወደ 120 ከፍ ካደረግከው የዘፋኙ ድምፅ ከወንበር ስር መውጣት ይጀምራል። በጣም ያስጠላል፣ ባሌ መኪና ላይ ሰምቼዋለሁ።

"ጌይን" የተጻፈበትን ቁልፍ ሰው ሁሉ የድምፅ መጨመሪያ ያስመስለዋል፤ ሥራው ግን ሳብውፈሩን ከቴፑ ድምፅ ጋር ማመጣጠን ነው። እስከ ጥግ አታዙረው። የቴፑን ቤዝ ወደ ዜሮ መልስ፣ ድምፁን ሦስት አራተኛ ላይ አድርስ፣ ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያልክ ጨምር። መንሻከክ ሲጀምር ትንሽ መልሰው። 0 እና 180 የሚል ማብሪያም ይኖረዋል። መሪው ጋ ተቀምጠህ ሁለቱንም ሞክር፤ ከበሮው የወፈረበት ላይ ተወው።

መልስ፦ ካልዲና ነጂ

እና ሞተር አጥፍተህ ብዙ አታጫውት። ዲናሞው ሲሰራ 14 ቮልት አካባቢ ታገኛለህ፣ ሞተር ሲጠፋ ግን ባትሪው ብቻውን ነው። ባለፈው ጥምቀት ጎንደር መጥቼ ከፋሲለደስ መዋኛ ራቅ ብዬ አቆምኩና ለዘመዶቼ ጉራዬን ነዛሁ። ማታ በነጭ ጋቢ የተጠቀለሉ ሰዎች ናቸው ገፍተው ያስነሱኝ።

ባለስቴሽኑ (ከሳምንት በኋላ)

ተሳካ! ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ፈጀብኝ። ገጣሚው በ20 ደቂቃ የጨረሰውን ማለቴ ነው። ባለ 6 ሽቦ ዘረጋሁ፣ ጋቢናው ስር ገባ፣ 1 ሴንቲ ብቻ ተረፈው። ትንኟ ጠፍታለች። መጀመሪያ ትንሽ ቀርታ ነበር፤ ቀለሙን በደንብ ሳልፍቅ ነበር ያሰርኩት። ፍቄ ስደግመው ጸጥ አለ።

አዲስ ችግር የኋላው ታርጋ ነው። ቤዙ ሲመታ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የኋላው በር ሽፋንም አብሮ ይዘፍናል። ከታርጋው ጀርባ የሞኬት ቁራጭ ለጠፍኩ፣ እሱ ዝም አለ። የበሩን ሽፋን ገና አልከፈትኩትም።

እናቴ ገበያ ስትሄድ ጋቢና ተቀምጣ "ከስሬ ምንድን ነው የሚያንኳኳው?" አለች። ከበሮው ነው አልኳት። "ታዲያ ለምን ከስሬ?" አለች። መልስ አልነበረኝም፣ ቀነስኩላት።

መልስ፦ የድሮ ኤሌክትሪሺያን

ጎበዝ። ፊውዙን የት አደረግከው?

ባለስቴሽኑ

ከባትሪው አንድ ስንዝር ላይ፣ ጋሼ።