ሰኞ ገበያ ጉልት ላይ የሸጠ ዘመድ ያለው አለ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም የደሴ ልጆች። አያቴ ልጆቿን ያሳደገችው ሰኞ ገበያ ጉልት ተቀምጣ ነው። በርበሬ፣ ምስር፣ አንዳንዴ ማሽላ። አሁን እሷ የለችም፣ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። እህሉ ከየት ነበር የሚመጣው? ጎረቤታችን ደግሞ ገበያውን የከፈተው ጣሊያን ነው ይላል። እውነት ነው እንዴ?

ሸዋ በር፦
ኧረ ተው! ደሴ እኮ የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ ነበረች። አይጠየፍ አዳራሽ ያ ሁሉ ሰው ግብር ሲበላ እህሉና ቅቤው ከሰማይ ወረደ? ጣሊያን ኅዳር 1928 በቦምብ ደበደባት እንጂ ገበያ አልከፈተላትም። የአሰብን መንገድ ሠርቷል፣ እሱን አልክድም።
እህሉ ከላይም ከታችም ነው። ከኩታበርና ከደላንታ በኩል ገብስ፣ ባቄላና ምስር፣ ከቃሉ ቆላ ደግሞ ማሽላ። ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኙት ደሴ ላይ ነው።

ኮምቦልቼው፦
አባቴ ጨው ነጋዴ ነበር። የሰንበቴ ገበያ እሁድ ነው፣ የባቲ ሰኞ፤ እሁድ ሰንበቴ ይውልና አፋሮቹ ጨውና ግመላቸውን ይዘው ሳይበተኑ ባቲ ልድረስ ብሎ ሌሊቱን ሲጣደፍ ያድራል። ችግሩ ደሴም ሰኞ ነች! ሁለቱን መያዝ አይቻልም። ስለዚህ የባቲውን ጨው ደሴ ላሉ ሴቶች ያስረክብና እነሱ በጣሳ ይቸረችሩታል። ትርፉ የማን እንደነበር አትጠይቁኝ።

ዘሀራ፦
እኔ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ሸጫለሁ ልጄ። ያኔ ኪሎ የለም፣ ጣሳና ቁና ነው። በርበሬው ጣሳው ላይ ይቆለላል፣ እናቴ በመዳፏ ዙሪያውን ደገፍ ታደርገዋለች፣ እንዳይፈስ። ከዚያ ገዢዋ "መርቂልኝ እንጂ!" ትላለች፣ አንድ ጭብጥ ይጨመርላታል። ሳይመረቅ የሄደ ገዢ አይመለስም። ሚዛን ከመጣ ወዲህ ቁልሉም ምርቃቱም ቀረ፣ እኔ አልወደድኩትም ወላሂ። አጭበርባሪም ነበር፤ ቂጡ ወደ ውስጥ የገባ ጣሳ የምትይዝ ሴት አትጠፋም። እንዲህ ያለችዋን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።

የጦሳ ልጅ፦
እትዬ ዘሀራ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የአያቴ ጣሳ እስካሁን ቤት አለ፣ ሽሮ መስፈሪያ አድርገነዋል። አሁን ሄጄ ገልብጬ አየሁት።
ገብቷል።

ዘሀራ፦
አብሽር ልጄ፣ ወድቆባት ይሆናል።