ጥቆማ፦ አርኤክስ 580 ወይስ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር? (አዳማ)

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዳማ ላይ ሁለት ያገለገሉ ግራፊክስ ካርዶች ቀርበዋል። አንዱ የኤኤምዲ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ ሜሞሪ፣ ሌላው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ባለ 6 ጊጋ። ሻጩ «8 ጊጋው ይበልጣል» ይላል፤ ዋጋውም ቀነስ ያለ ነው። ሥራው በፕሪሚየር (የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም) የሠርግ ቪዲዮ፣ አልፎ አልፎ ብሌንደር (የ3ዲ ፕሮግራም)፣ ማታ ማታ ጌም። ፓወር ሰፕላዩ 500 ዋት ይላል። የቱ ይሻላል?

ጠጋኝ፦
1660 ሱፐሩን። ሻጭ ሁሉ «8 ጊጋ ነው» ይላል፤ ቁጥሩ ግን ካርዱ ስንት ዕቃ እንደሚይዝ እንጂ እንዴት እንደሚሮጥ አይናገርም። 580 እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። ሜሞሪው ጂዲዲአር 5 (የግራፊክስ ሜሞሪ ትውልድ)፣ መስመሩ 256 ቢት፣ በሰከንድ 256 ጊጋባይት ያመላልሳል። 1660 ሱፐር በ2019 ወጣ። መስመሩ 192 ቢት ሆኖ ቢጠብም ጂዲዲአር 6 ስለሆነ በሰከንድ 336 ጊጋባይት ያደርሳል። ኮሩን (ስሌቱን የሚሠሩትን ትንንሽ ክፍሎች) ግን ቆጥረህ አታወዳድር። 580 ባለ 2304፣ 1660 ሱፐር ባለ 1408 ነው፤ የሁለት ካምፓኒ ኮር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። በፉል ኤችዲ አብዛኛው ጌም ላይ 1660 ሱፐር በግምት አንድ አምስተኛ ይቀድማል። 8 ጊጋው የሚያሸንፈው ቴክስቸር (የጌሙ የገጽታ ምስል ጥራት) እስከ ላይ በተከፈተበት ጌም ላይ ብቻ ነው።

ትልቁ ልዩነት ኃይሉ ነው፤ 185 ዋት ለ125። ያ 60 ዋት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። የነፋስ ተርባይን የተተከለበት ከተማ ስለሆነ አቧራው ደግሞ ፋኑ ውስጥ ለመግባት ቀጠሮ አይጠይቅም። 580 ሲሞቅ ፋኑ ይጮኻል፤ የማይክ ድምፅ የሚቀዳበት ክፍል ውስጥ ይረብሻል።

ኤዲተር፦
ከሥራው አንፃር ልጨምር። ፕሪሚየር በሁለቱም ይሠራል። 1660 ሱፐር ግን በኩዳ (የኤንቪዲያ የስሌት አሠራር) ይሄዳል፤ ኤክስፖርት የሚያደርግበት የራሱ ቺፕም የተሻለ ነው። በአንድ ዓይነት ቢትሬት (በሰከንድ የሚወጣ የዳታ መጠን) በኤች.264 የቪዲዮ ቅርጸት ሲወጣ በ580 የወጣው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ይበላሻል፤ በጭፈራ ቀረጻ ላይ የነጠላው ጥለት ሲቦጫጨቅ ይታያል።

ብሌንደር ላይ ጭራሽ ውድድር የለም። ብሌንደር 3.0 በ2021 መጨረሻ ሲወጣ ሳይክልስ (ብሌንደር ምስሉን ሬንደር የሚያደርግበት ክፍል) ኦፕንሲኤልን (የኤኤምዲ ካርድ ይሠራበት የነበረውን መንገድ) ጥሏል፤ በኤኤምዲ በኩል የተተካው አሠራር ደግሞ 580ን አያውቀውም። ካርዱ ቁጭ ብሎ ሬንደሩ በሲፒዩ ይሄዳል ማለት ነው፤ ያለበለዚያ 2.93 ላይ መቅረት ነው። 1660 ሱፐር በኩዳም በኦፕቲክስም (ሌላው የኤንቪዲያ አሠራር) ይሠራል።

አንድ ነገር ግን እንዳትታለል። ካሜራው 4:2:2 ባለ 10 ቢት (የቀለም መረጃው የበዛ ቅጂ) የሚቀዳ ከሆነ (አዳዲሶቹ ሶኒና ካነን ላይ ይኖራል) ሁለቱም ካርዶች ያንን ፋይል በሃርድዌር አይፈቱትም። ታይምላይኑ ሲንቀራፈፍ ሰው ካርዱን ይሰድባል፤ ጥፋቱ ግን እዚያ አይደለም። መፍትሔው ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀላል ቅጂ) ነው፤ ፕሪሚየር ውስጥ ኢንጀስት (ፋይል ማስገቢያው) ላይ ክሪዬት ፕሮክሲን መርጠህ በሩብ መጠን በፕሮሬስ (ለኤዲቲንግ የሚቀል ቅርጸት) አውጣ። ቦታ ይበላልና ሌላ ኤስኤስዲ ላይ አስቀምጠው። ኢንቴል 11ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ሲፒዩ ካለ ደግሞ የሲፒዩው ግራፊክስ የኤች.265ቱን 4:2:2 ይፈታዋል፤ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ቅንብር) ውስጥ እንዳይዘጋ።

ጠጋኝ፦
አዳማ ውስጥ ፍራንኮም ይሁን ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ሳይሰካ ብር አትስጥ። ጂፒዩ-ዚን (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም) በፍላሽ ይዘህ ሂድ፣ አይጫንም፣ ዝም ብሎ ይከፈታል። 580 ላይ «ሼደርስ» (የኮሩ ቁጥር) የሚለው ቦታ 2304 ማለት አለበት። 2048 ካለ በ580 ስም የተሸጠ 570 (ከሱ ያነሰ ካርድ) በለው፤ ለቻይና ገበያ በዚያ ስም የወጣ ነው። 1660 ላይ ደግሞ ኮሩ አይለይህም፣ ሱፐርም ሆነ ተራው 1408 ነው። ሜሞሪውን እይ፦ ጂዲዲአር 5 ካለ ሱፐር አይደለም፣ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ። ስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ከመጣ የካርዱ ባዮስ (በውስጡ ያለው መነሻ ሶፍትዌር) ተለውጦ በሌላ ስም የተጠመቀ አሮጌ ካርድ ነው፤ መልሰህ ስጥ።

ከዚያ ፈርማርክን (ካርዱን የሚያስጨንቅ መሞከሪያ) 15 ደቂቃ አስኪደው። ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ወይ ፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ደርቋል ወይ ፋኑ ደክሟል። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለ ቀለም ካሬ ብልጭ ካለ ሜሞሪው ነው፣ በፔስት አይድንም። በኦሲሲቲ (ሌላ መሞከሪያ) የቪራም (የካርዱ ሜሞሪ) ቴስት አድርግና የስህተት ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን እይ። አንድም ቢሆን ስህተት ስህተት ነው።

580 ብዙው ማይኒንግ (ክሪፕቶ ማውጣት) ላይ የከረመ ነው። ማይኒንግ ራሱ ካርድ አይገድልም፤ ችግሩ ባዮሱን ይለውጡታል። ምልክቱ ዊንዶውስ ላይ ድራይቨር ተጭኖ «ኮድ 43» ማለቱ ነው። አንዳንዱ ካርድ ጎኑ ላይ ትንሽ የባዮስ ማብሪያ አለው፤ አጥፍተህ ወደ ሌላኛው አዙረህ ሞክር፣ አንዱ ሳይነካ የቀረ ይሆናል። ካልሆነ የራሱን ሞዴል ባዮስ ፈልጎ መመለስ ነው። የሌላ ሞዴል ባዮስ ከተጫነ ካርዱ ጭራሽ ምስል ላይሰጥ ይችላል።

ጠያቂ፦
580ውን በጂፒዩ-ዚ አየሁት፣ 2048 ይላል። የፓወር ሰፕላዩ ልጥፍ ላይ ደግሞ +12 ቮልት ከሚለው ሥር 18 አምፔር አለ። ባለ 8 ፒን ገመድም የለውም፤ ሻጩ የሳታ መቀየሪያ እሰጣለሁ ብሏል።

ጠጋኝ፦
2048ቱን ተወው፤ በ570 ዋጋ ካልሆነ አይወሰድም።

ፓወር ሰፕላዩም 500 ዋት አይደለም። ካርድና ሲፒዩ የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው፤ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። ሲፒዩው 65 ቢሆን፣ 1660 ሱፐር 125፣ ማዘርቦርድ፣ ዲስክና ፋን ተጨምሮ ከ216 ያልፋል። 580 ቢሆን ከሲፒዩው ጋር ብቻ 250 ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ላይ ሰላም ነው፤ ሬንደር ሲጀምር ድርግም ይልና ራሱን ያስነሳል። ሰው ዊንዶውስ ያስቀይራል።

የሳታ መቀየሪያውን አደራ አትንካው። አንድ የሳታ መሰኪያ የተሠራው ለ54 ዋት ነው፣ ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ይስባል። መጀመሪያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ ያለውን አትጠይቅ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጥ፤ ፓወር ሰፕላይ መጀመሪያ፣ ካርድ ቀጥሎ። የራሱ ባለ 6+2 ፒን ገመድ ያለው፣ 12 ቮልቱ ላይ ከ35 አምፔር የማያንስ፣ እውነተኛ 450 ዋት ለ1660 ሱፐር ይበቃል። በእጅህ ስታነሳው ከበድ ይበል፤ ቀላሉ ውስጡ ባዶ ነው።

ኤዲተር፦
ዩፒኤስ ካለም ልጥፉን እይ። 650 ቪኤ የሚለው ዋቱ ከ400 በታች ነው፤ ሬንደር ላይ እያለህ መብራት ከሄደ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት እንጂ ለመቀጠል አይሆንም። ስታቢላይዘር ብቻ ከሆነ መብራት ሲመጣ ወዲያው አታብራ፣ ጥቂት ደቂቃ ይረጋጋ።

ጠያቂ፦
ኮምፒውተሩ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፣ ልዩነት ያመጣል እንዴ?

ጠጋኝ፦
ይህን መጀመሪያ ብትለን! ብዙው ኦፕቲፕሌክስ ፓወር ሰፕላዩም መሰኪያውም የራሱ የዴል ነው፤ የገበያው አይገባበትም። ኬዙን ሳትቀይር መሥራት ከፈለግህ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራውን ፈልግ፤ 75 ዋት ነው፣ ከማዘርቦርዱ ብቻ ይጠግባል። ጠባቡ ኬዝ ከሆነ አጭሩን ባለ ሎው ፕሮፋይል ብለህ ጠይቅ፣ ማሰሪያ ብረቱ አብሮ መኖሩን እይ። ከ1660 ሱፐር በግልጽ ይቀንሳል፣ ሜሞሪውም 4 ጊጋ ነው። ለፉል ኤችዲ ሠርግ ግን ይበቃል።