የወይኔ ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆነብኝ፤ መረሬውን አፈር ምን ላድርገው?

ሰላም ለሁላችሁ። ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ትንሽ የሲራ ወይን ማሳ አለኝ። ላይኛው በኩል አሸዋማ ነው፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፤ ፍሬው ትንንሽ፣ ቆዳው ወፈር ያለ፣ ጥቁር ሆኖ ይደርስልኛል። የታችኛው ግን ውሃ የሚይዝ መረሬ ነው። እዚያ ቅጠሉ ከልክ በላይ ይለመልምና ዘለላው ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ፍሬው ውሃ ውሃ ይላል። ስኳሩን ስለካው ላይኛው 23 ብሪክስ፣ የታችኛው 18 ነው። ወይን ጠማቂው ሁለቱን ቀላቅዬ እንዳላመጣ ነግሮኛል።

ይባስ ብሎ ታች ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ነው። ናይትሮጅን ቢያንሰው ኖሮ ከአሮጌው ቅጠል ይጀምር ነበር፤ ስለዚህ የጎደለው ብረት ይመስለኛል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8.2፣ ማለትም አልካላይን ስለሆነ ብረት ቢኖርም ሥሩ አይወስደውም። ተራ የብረት ሰልፌት ብጨምርም እዚያው አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ኢዲዲኤችኤ የሚባለው የብረት ኬሌት (ብረቱ አፈር ውስጥ እንዳይታሰር ይዞ የሚያቆይ ውህድ) አገር ውስጥ የት ይገኛል? ኖራማ አፈር በሚችል ሥር፣ ማለትም 41ቢ ወይም ፌርካል ላይ የተዳቀለ ችግኝ ያለው ሰው አለ? መረሬው ላይስ ውሃ የምቀንሰው ፍሬው ቀለም መያዝ ሲጀምር ነው ወይስ ቀደም ብዬ? የቀጣዩ ምርት እንዲሁ ሲበላሽ ማየት አልችልም።