ዘመድ ማስተርጎሙ ይቅር ወይስ ይቀጥል? የአእምሮ ሕክምና በድሬና በሐረር

መነሻ፦ አማርኛ የማይችል ታካሚ ሳይካትሪ ክፍል ሲቀርብ፣ ሶማሊኛም ሆነ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ አብሮት የመጣው ዘመድ ሲያስተረጉምለት ማየት የተለመደ ነው። ይህ አድልዎ ነው ወይስ የአቅም ማነስ? የሠለጠነ አስተርጓሚ ግዴታ ይሁን? (ተወያዮቹ የተጠሩት በሰፈር ስም ነው።)

ቀፊራ፦ አድልዎ ነው፤ ሐኪሙ ክፉ ሰው ነው ማለቴ ግን አይደለም። ለሳንባ ምች ማዳመጫና ራጅ አለ፤ በሳይካትሪ ምርመራው ራሱ ንግግር ነው። የታካሚው ሐሳብ መበታተኑ የሚታወቀው ከአነጋገሩ ነው። ወንድምየው ግን የተበታተነውን ሰብስቦ፣ አቃንቶ «ራሴን ያመኛል ነው የሚለው» ይላል፤ ዋናው ምልክት እዚያው ጠፋ። ራስን ስለ ማጥፋት የሚጠየቀውንማ ባል ለሚስቱ አያደርሰውም፤ «የለም ትላለች» ብሎ ያልፋል።

ሳቢያን፦ ኧረ አቦ፣ ተረጋጋ። አድልዎ የሚባለው የት እንዳለ እናውቃለን። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ስኪዞፍሬኒያ (ሐሳብ የሚበታተንበት፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማበት ሕመም) አለባችሁ የሚባሉት ከነጮች ከ2 እጥፍ በላይ ነው፤ ድባቴያቸው ደግሞ ይታለፋል። በእንግሊዝ በአእምሮ ጤና ሕግ ተገደው ሆስፒታል የሚገቡ ጥቁሮች ከነጮች ከ3 እጥፍ በላይ ናቸው። በ1851 ካርትራይት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ባሪያ ከጌታው መኮብለሉን «ድራፔቶማኒያ» ብሎ በሽታ አድርጎት ነበር። እኛ ዘንድ ያለው ግን እጥረት ነው። የአዲስ አበባው አማኑኤል የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል በነበረበት ዘመን አማርኛ ተናጋሪውም ከድሬ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የታከመው።

ጁገል፦ ካርትራይት የለንም፤ «ጫት ነው» የሚል ግን ሞልቷል። ወጣት ወንድ ሆኖ ከአወዳይ አካባቢ ገጠር ከመጣ ካርዱ ላይ «ጫት» ብሎ ለመጻፍ ማንም አይቸገርም። የምርመራው ደንብ እኮ ግልጽ ነው፦ ጫቱን አስቁመህ ትከታተላለህ፤ ካቆመ በኋላ ምልክቱ ከ1 ወር ገደማ በላይ ከዘለቀ በጫት ብቻ አይሳበብም። ደግሞ ቅደም ተከተሉን ትጠይቃለህ። ጥርጣሬውና እንቅልፍ ማጣቱ የጀመሩት ጫቱ ሳይበዛ ነው ወይስ ከበዛ በኋላ? ብዙ ሰው ሕመሙ ከጀመረው በኋላ ነው መቃም የሚያበዛው። ይህን ደግሞ በጫቱ ተናዶ ከመጣ አባት አፍ አታገኘውም።

ሳቢያን፦ የጫቱን እቀበላለሁ። እሱ ግን አማርኛ ተናጋሪውም ላይ ይደርሳል።

ገንደ ቆሬ፦ መድኃኒቱን ማንም አላነሳም፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። የሌለ ድምፅ መስማትንና መሠረተ ቢስ ጥርጣሬን የሚያስታግሰው ሃሎፔሪዶል የተጀመረለት ሰው፣ በተለይ ወጣት ወንድ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ሊጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋው ሊቆለፍ ይችላል። ያስደነግጣል እንጂ መድኃኒት አለው፤ አርቴን የሚባል ክኒን ወይም መርፌ ያፍታታዋል። አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ ግን «ጂኒው ባሰበት» ብሎ ክኒኑን ይጥላል፤ ያን ሰው ዳግመኛ ሆስፒታል ደጃፍ አታየውም። በየወሩ የሚወጋው ተመሳሳይ መድኃኒት፣ ፍሉፌናዚንም እንዲሁ፣ ተሻለው ተብሎ በሁለተኛው ወር ይቀራል። በአማርኛ ነግሮ «ገባህ?» ማለት ዋጋ የለውም፤ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። በቋንቋቸው ነግረህ፣ «አንገቱ ቢጣመም ምን ታደርጋላችሁ?» ብለህ መልሰው እንዲነግሩህ ነው።

ሳቢያን፦ እሺ እህቴ፣ ማን ይክፈል? ለየቋንቋው ሰው ልትቀጥሪ ነው? ዘመዱን ብታስወጪው ደግሞ ቤት ክኒኑን የሚሰጠው እሱ ነው። ከተማችንም ጠባብ ናት፤ የምትቀጥሪው አስተርጓሚ የታካሚውን ጎሳ እስከ አያቱ ያውቃል። ሚስጥሩስ?

ቀፊራ፦ ዘመዱን ማን አስወጣው? መጀመሪያ ታካሚው ከአስተርጓሚው ጋር ይታያል፤ ቀጥሎ ዘመዱ ገብቶ ታሪኩን ይናገራል። ቅጥርም አያስፈልግም። ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ሶማሊኛና ኦሮምኛ አቀላጥፎ የሚናገር ነርስ፣ የላብራቶሪና የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አይጠፋም፤ አበል ተቆርጦለት ለጥቂት ቀን ይሠልጥን። የሚሠለጥነውም ብዙ አይደለም። «ድምፅ ይሰማዋል» ሳይሆን ታካሚው እንዳለው «ድምፅ ይሰማኛል» ብሎ ያስተላልፍ። ያልተያያዘውን አያቃና፤ ካቃተው «ንግግሩ አልተያያዘም» ይበል። ሐኪሙም ዓይኑን ከአስተርጓሚው ላይ ያንሳ! ለሚስጥሩ ስልክ አለ፤ የሐረሩ ለድሬ፣ የድሬው ለሐረር ያስተርጉም፣ ስም ሳይጠራ።

ሳቢያን፦ የስልኩን ወድጄው ነበር። ግን ማንም በሌለበት ድምፅ የሚሰማውን፣ ስልኬን ጠልፈውታል የሚለውን ሰው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ስልክ በሚወጣ ድምፅ ልታናግረው ነው?

ገንደ ቆሬ፦ እሱንስ በአካል ነው። ስልኩ ለድባቴና ለክትትል ይሁን።

ሳቢያን፦ ሌሊት ተረኛው ብቻውን ሲሆንስ?

ጁገል፦ የዚያን ሌሊት ዘመዱ ያስተርጉም፤ ካርዱ ላይ ግን «በዘመድ ትርጉም» ተብሎ ይጻፍ፣ ጠዋት በሌላ ሰው እንደገና ይጠየቅ። ለዚህ በጀት አልጠየቅኩህም።