ለለማጅ ልጅ የመኪና ኢንሹራንስ፦ በእኔ ውል ላስገባት ወይስ ለብቻዋ ልግዛላት?

የለማጅ_አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 18 ዓመቷ ነው፤ የመለማመጃ ፈቃድ አውጥታለች። ከማሰልጠኛው ሰዓት ውጭ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ በቤቱ መኪና ላለማምዳት አስቤያለሁ። መኪናው 1.3 ሊትር ነው፣ ሙሉ ሽፋን አለው፤ 5 ዓመት ካሳ ሳልጠይቅ ስለቆየሁ ጥሩ ቅናሽ አለኝ። ስሟን ላስገባ ብዬ ስጠይቅ የነገሩኝ ጭማሪ ግን አስደነገጠኝ። አንድ ወዳጄ «ዝም ብለህ ተወው፣ ማን ያውቃል» ይለኛል። ወደ ሦስተኛ ወገን ብቻ ባወርደው ይቀንስልኛል? ወይስ ለብቻዋ የአጭር ጊዜ ውል ልግዛላት?

ውል_አንባቢ፦
«ማን ያውቃል» የሚለውን በቅድሚያ እንዝጋው። አደጋ የደረሰ ቀን ሁሉም ይታወቃል። የካሳ መጠየቂያ ቅጹ መኪናውን ማን ይነዳ እንደነበር፣ የፈቃዱን ዓይነትና የወጣበትን ቀን ይጠይቃል፤ መልሱም ከፖሊስ ሪፖርቱ ጋር ይመሳከራል። ስሟ ውሉ ላይ ከሌለ፣ ወይም ውሉ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ያለው ሾፌር ብቻ የሚል ከሆነ፣ የእርስዎ መኪና ጉዳት ሳይከፈል ይቀራል። ድርጅቱ ለተጎዳው ሰው በሕግ ተገዶ ቢከፍል እንኳ ዞሮ ገንዘቡን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል።

ሌላው ብዙ ወላጅ የሚወድቅበት ወጥመድ ዋናው ሾፌር ማነው የሚለው ነው። አሁን መኪናውን በብዛት የሚነዱት እርስዎ ስለሆኑ እሷን ተጨማሪ ሾፌር ብሎ ማስመዝገብ እውነት ነው። ነገ ፈቃዷን ይዛ በየቀኑ ብቻዋን የምትመላለስበት ከሆነ ግን ዋናዋ ሾፌር እሷ ናት። ያኔም አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ) እንዲቀንስ በአባት ስም ማስቀጠል ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ነው፤ ውሉን እስከማፍረስ ያደርሳል።

ወደ ምርጫዎቹ ልምጣ። በማሰልጠኛው መኪና ስትማር ሽፋኑ የማሰልጠኛው ጉዳይ ነው፤ ለዚያ ሰዓት ምንም አይግዙ። ለቤቱ መኪና ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው በእርስዎ ውል ተጨማሪ ሾፌር ማድረግ ነው። ልምምዱ ወራት የሚወስድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይህ ይረክሳል። ጉዳቱ፣ እሷ ካጋጨች የሚነካው የእርስዎ የ5 ዓመት ቅናሽ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው፣ የሚሸጥ ድርጅት ካገኙ፣ ለለማጅ ብቻ የተዘጋጀ የቀናት ወይም የሳምንታት ውል ነው። በዚህኛው የእሷ ግጭት በአብዛኛው የእርስዎን ቅናሽ አይነካም። ግን የሚሸፍነው እሷ መሪ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። ደክሟት መንገድ ላይ ቦታ ብትቀያየሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚሠራው የእርስዎ ውል ስለሆነ፣ ያንን እንዳያቋርጡ።

በየትኛውም ቢሄዱ ስለ አለማማጁ የተጻፈውን ሐረግ ይፈልጉ። ስንት ዓመት የቆየ ፈቃድ፣ ዝቅተኛው ዕድሜ ስንት፣ የፊት ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት ወይ፤ እነዚህ ካልተሟሉ ሽፋኑ ወረቀት ብቻ ነው።

ማርሽ_ቀያሪ፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ ስለ ኤክሰሱ ግን ማንም አላነሳም። ጉዳት ሲደርስ ከኪስዎ የሚወጣው ድርሻ ለለማጅ አንድ ብቻ አይደለም፤ ይደራረባል። ለምሳሌ ጥገናው 10,000 ቢሆን፣ መደበኛው ኤክሰስ 1,500፣ ለወጣት ሾፌር ተጨማሪ 2,500፣ አረቦን ለመቀነስ በራስዎ ምርጫ የወሰዱት 2,000 ቢሆን፣ ከኪስዎ 6,000 ወጥቶ ድርጅቱ 4,000 ይከፍላል።

አሁን ቅናሹን ይጨምሩበት። ሙሉ አረቦንዎ 12,000 ሆኖ 50 በመቶ ቅናሽ ካለዎት የሚከፍሉት 6,000 ነው። በዚህ ካሳ ምክንያት ቅናሹ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ በሚቀጥለው ዓመት 9,600 ይሆናል፤ በአንድ ዓመት 3,600 አጡ ማለት ነው፣ ቅናሹም ወዲያው አይመለስም። ስለዚህ ለተፋቀ ፓራውልትና ለተሰበረ ስፖኪዮ ካሳ መጠየቅ አያዋጣም። አደጋውን ማሳወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ካሳ ባይጠይቁም ውሉ አሳውቁ ይላልና ያሳውቁ፣ በተለይ ሌላ ሰው ካለበት።

በራስ ምርጫ የሚወሰደውን ኤክሰስ ከፍ ማድረግ አረቦን ይቀንሳል፣ ልክ ነው። ነገ ጠዋት ከኪስዎ ማውጣት ከሚችሉት በላይ ግን አይሂዱ።

ወደ ሦስተኛ ወገን ማውረዱን አልመክርም። የሚከፍለው ለሌላው ሰው ብቻ ነው፤ ለማጅ ደግሞ ከሌላ መኪና ይልቅ ግንብ፣ ጠርዝና የግቢ በር መግጨት ነው የሚቀናው። በዚያ ላይ ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አድርገው ይጠይቁ፤ አንዳንዴ ልዩነቱ የሚያስቅ ነው። መኪናው አርጅቶ ዋጋው ከጥቂት ዓመት አረቦን የማይበልጥ ከሆነ ነው ሦስተኛ ወገን የሚያዋጣው።

የለማጅ_አባት፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንዱ ድርጅት መኪናው ላይ መከታተያ ከተገጠመ ይቀንሳል ብሎኛል። ያዋጣል? በየወሩ መክፈልም እንደሚቻል ነግረውኛል።

ውል_አንባቢ፦
መከታተያው ፍጥነትን፣ ድንገተኛ ፍሬንን፣ የኩርባ አያያዝንና የሚነዳበትን ሰዓት መዝግቦ ለአነዳዱ ነጥብ ይሰጣል። ዋናው ችግር መሪውን ማን እንደያዘ ብዙ ጊዜ አለመለየቱ ነው። እርስዎ ማታ ቸኩለው ቢነዱ ነጥቡ የሚቀነሰው ከእሷ ነው። መኪናውን ድንገት ማቆም ስታለማምዷትም ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል፣ አስቂኝ ቢሆንም። ስለዚህ አሁን ሳይሆን ፈቃድ አውጥታ የራሷን መኪና ስትይዝ ነው ጥቅሙ የሚታየው።

ወርሃዊ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ብድር ነው። የ12ቱን ወር ድምር ከአንድ ጊዜ ክፍያው ጋር ያነጻጽሩ። አንድ ወር ካለፈዎት ሽፋኑ ሊቋረጥ እንደሚችልም ልብ ይበሉ።

ዋጋ ሲያወዳድሩ ለሁሉም ድርጅት አንድ ዓይነት መረጃ ይስጡ፦ ያው የመኪና ዋጋ፣ ያው ኤክሰስ፣ ያው ሾፌሮች። ዝርዝሩ ውስጥ የማይነዳ ወጣት ካለ ያስወጡት፤ ብዙዎች አረቦኑን የሚያሰሉት በስም ዝርዝሩ ካለው አስጊ ሾፌር ነው። የመኪናውን ዋጋ ግን አሳንሰው አይንገሩ። 100 የሚያወጣውን 60 ብለው ካስመዘገቡ፣ ብዙ ውል ላይ የ10 ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው 6 ነው።

አለማማጅ_ሦስት፦
እኔ የምጨምረው ስለ ፈተናው ቀን ነው። ለማጅ አጠገቡ ሰው ስላለ አደጋው ትንሽ ነው፤ ከባዱ ጊዜ ብቻውን መንዳት የሚጀምርባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። አረቦኑም የሚዘለው ያኔ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዋጋ ስትጠይቅ «ፈተናውን ስታልፍ ስንት ይሆናል?» ብለህ አብረህ ጠይቅ። ዛሬ ርካሽ የሆነው ያን ጊዜ ከሁሉም ሊወደድ ይችላል፤ መሃል ላይ አቋርጦ ወደ ሌላ መሄድ ደግሞ የሚመለሰውን ገንዘብ ይቀንሰዋል።

ሁለተኛ፣ ለአለማማጅ ተብሎ በተሳፋሪው በኩል ተጨማሪ ፍሬን ካስገጠምክ አሳውቅ፤ መኪናው ላይ የተደረገ ለውጥ ነው። ስሟ ሲገባም በስልክ «እሺ» ተብሎ አይበቃም። ውሉ መለወጡን የሚያሳየውን የማሻሻያ ወረቀት ተቀበልና ስሟን፣ የፈቃድ ቁጥሯን፣ ለማጅ መሆኗን፣ የሚጀምርበትን ቀንና ሰዓት አይተህ ነው መሪውን የምትሰጣት።

የለማጅ ብቻ የሆነው ውል ፈተናውን ባለፈች ቅጽበት ሊያበቃ ይችላል። በራሳችሁ መኪና የምትፈተን ከሆነ ፈተናው ራሱ መሸፈኑን ቀደም ብለህ አረጋግጥ፤ ከፈተናው ስትመለሱም አዲሱ ሽፋን በጽሑፍ እስኪደርስህ ድረስ የምትነዳው አንተ ነህ።