የእናቴ የጎማ ተክል ማሰሮዋን ከቀየርኩላት ወዲህ ቅጠሏን እያራገፈች ነው

ጥያቄ፦ እናቴ ጎንደር አዘዞ በሚገኘው ቤታችን ለ18 ዓመታት ያሳደገቻትን የጎማ ተክል ከሦስት ሳምንት በፊት እጥፍ ወደሚሰፋ የአበባ ማሰሮ፣ ከጓሮ በቆፈርኩት ጥቁር አፈር ካዛወርኳት ወዲህ፣ በየቀኑ ውኃ ባጠጣትም የታችኞቹ ቅጠሎቿ ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ። እናቴ በሕይወት ስለሌለች ተክሏን ማጣት እጅግ ይከብደኛል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህን ነፍስ ይማር። ጉዳቱ ከጥማት ሳይሆን ከውኃ ብዛት የመጣ ይመስለኛል፤ ከጓሮ የቆፈርከው ጥቁር (ዋልካ) አፈር ውኃን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ማሰሮውም ከሥሩ መጠን በላይ ሰፊ ስለሆነ፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በጥንቃቄ አውጣትና የለሰለሰውን፣ የጠቆረውንና የሚሸተውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቆርጠህ፣ ከሥሯ በሁለት ጣት ብቻ በሚሰፋ፣ ከታች ቀዳዳ ባለው ማሰሮ፣ ቀይ አፈር ከሻካራ አሸዋና ከብስባሽ ጋር ቀላቅለህ ትከላት።

ሌላ መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም አዲስ ቅጠል እስክታወጣ ማዳበሪያ አትስጣት፣ ቀጥተኛ ፀሐይም አያግኛት። ውኃ የምታጠጣት አፈሩ እስከ ጣትህ ሁለተኛ አንጓ ድረስ ሲደርቅ ብቻ ይሁን፤ በጎንደር ክረምት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ዛሬ አውጥቼ ሳያት ከሥሯ ግማሽ ያህሉ ገና ጠንካራ ነው፤ እንዳላችሁት ተክያታለሁ።