የማስረው ፍላይ ሁሉ ይፈታብኛል፣ ይሰምጥብኛል፤ ምን ላድርግ?

የታቦር ልጅ (ጠያቂ፣ ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ፍላይ ራሴ ማሰር ጀምሬያለሁ። ፍላይ ስል ላባና ጸጉር መንጠቆ ላይ በክር ታስሮ ነፍሳት ወይም ትንሽ ዓሣ የሚመስለውን ማለቴ ነው። ተሠርቶ የሚሸጥበት ቦታ እዚህ አላገኘሁም። ከውጭ ማስመጣት ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ያለኝ የበዓል አውራ ዶሮ ላባ፣ የበግ ጸጉር፣ የልብስ ስፌት ክርና አሞራ ገደል አካባቢ ከአጥማጆች የገዛሁት መንጠቆ ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። ላባው የመንጠቆው ዘንግ (ቀጥ ያለው ብረት) ላይ ይዞራል፤ አንድ ዓሣ ከነከሰው በኋላ ጭራሽ ይፈታል። ውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ የምፈልገው ደግሞ ወዲያው ይሰምጣል። ለመሆኑ ሐይቃችን ውስጥ ለፍላይ የሚሆነው የትኛው ዓሣ ነው?

ዶሮ አርቢው

ወንድሜ፣ የበዓል ዶሮ መሆኑ ምንም ችግር የለውም። ላባውን የሚያበላሸው የፈላ ውሃ ነው። ዶሮው ከታረደ በኋላ ገና ሳይነከር የአንገቱንና የጀርባውን ላባ በደረቁ ንቀል። የቤት ሰዎችን ቀድመህ ንገራቸው፤ በዓል ዋዜማ ማንም ቆሞ አይጠብቅህም።

ለሚንሳፈፍ ፍላይ ያደገ የሐበሻ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ፈልግ። ጠንካራ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ውሃ ቶሎ አይጠጣም። የሴቷ ላባ ለስላሳ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። ለሚሰምጥ ፍላይ ግን እሱ ይሻላል፤ ውሃ ውስጥ ሕይወት ያለው ይመስላል። ለሥጋ የሚረባው ነጭ ዶሮ ገና ሳያድግ ስለሚታረድ አንገቱ ላይ የረባ ላባ የለውም። ገብስማ ካገኘህ ደግሞ በፍጹም አትለፈው። የነጭና የጥቁር መስመሩ ውሃ ላይ ሲያርፍ ክንፉን የሚያርገበግብ ነፍሳት ይመስላል። በውጭ አገር ለላባው ሲሉ ብቻ አውራ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች አሉ። እኛ ጋ ገበያ ላይ በእግሩ ታስሮ ይሸጣል።

ስፌት ቤት

ስለ ክሩ እኔ ልናገር። የጥጥ ክር ከሆነ ተወው፤ ወፍራም ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል። ቀጭን የፖሊስተር ክር ውሰድ። ከዚያ በንጹህ የማር ሰም ላይ አንድ ሁለቴ ጎትተው። ሰም የነካው ክር ጠምዝዘህ ብትለቀው እንኳ ቶሎ አይላላም። የጧፍ ቁራጭም ይሠራል። የፓራፊን ሻማ ግን ደረቅ ስለሆነ ይፈረፈራል እንጂ አይዝም።

ጋሼ መንጠቆ

ልጄ፣ ላባው የሚዞረው ባዶ ብረት ላይ ስለምታስረው ነው። ብረት ያንሸራትታል። መጀመሪያ ዘንጉን ከመንጠቆው ቀዳዳ ትንሽ ወረድ ብለህ እስከ ጉብጠቱ ድረስ በክር አልብሰው። ሁሉም ነገር የሚቆመው በዚህ ክር ላይ ነው። ሞርሳ ከሌለህ መንጠቆውን በፒንሳ ያዝና እጀታውን በላስቲክ ጠፍንገው። ፒንሳውን ጠረጴዛ ላይ ከባድ ነገር ጫንበት። ሁለት እጅህ ነጻ ካልሆነ ክሩን አጥብቀህ መያዝ አትችልም።

ቀጥሎ ጅራቱን እሰር፤ ርዝመቱ የዘንጉን ያህል ይሁን። እዚያው ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጨምር። ዲናሞ የሚጠቀልሉ ልጆች ጋ ሂድ፤ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ቁራጭ ይሰጡሃል። ሽቦው ለጊዜው ተንጠልጥሎ ይቆይ።

አሁን ላባው። ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ጸጉር ግፈፍና የላባውን አጥንት ትንሽ ባዶ አድርገው። በክር የምታስረው ይህን ባዶ አጥንት ነው። ጸጉሩን ጨምረህ ካሰርክ ክሩ ሥር አይጨብጥም፤ ያንተም ችግር ይኼ ይመስለኛል። የላባው ጸጉር ርዝመት ከመንጠቆው ጫፍ እስከ ዘንጉ ካለው ክፍተት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሲሆን ጥሩ ነው። ላባውን በአንድ አቅጣጫ ጠምጥመህ ስትጨርስ ሽቦውን በተቃራኒው አቅጣጫ በላዩ አሳልፈው። ዓሣ ላባውን አንድ ቦታ ላይ ቢበጥሰው እንኳ ሽቦው የቀረውን ይይዘዋል። ይህን ካደረግህ መፈታቱ ይቀራል።

ራሱ ጋ ቦታ መተው አትርሳ። እስከ ቀዳዳው ከሞላኸው ቋጠሮ የምታስርበት አይኖርህም። በክሩ ቀለበት ሠርተህ ከቀዳዳው ጫፍ በኩል ራሱ ላይ አጥልቅና አጥብቅ፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው። ከዚያ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብ አድርግበትና ይድረቅ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዉሊ በገር የሚባለውን ፍላይ እሰር። ራስል ብሌሲንግ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1967 የፈጠረው ነው። ለስላሳ ጅራት፣ ወፍራም ሰውነት፣ በሰውነቱ ላይ የተጠመጠመ ላባ፣ በቃ። ትልቅ ስለሆነ እጅህን ያፍታታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ የሮም ሰው የመቄዶንያ አጥማጆች ፍላይ ምን እንደሚመስል ጽፏል። መንጠቆው ላይ ቀይ ሱፍ ይጠመጥማሉ፤ በላዩ ከአውራ ዶሮ ማንቁርት ሥር የሚበቅሉ ሁለት ላባዎች ያስራሉ። አንተም እጅህ ላይ ያለው ይኸው ነው፣ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ። ዕቃ የለኝም ብለህ አትዘን።

ዶሮ አርቢው

ስለ መስመጡ ረስቼው ነበር። የአጥማጆቹ መንጠቆ ወፍራም ብረት ስለሆነ ላባው አይሸከመውም። ትንሽና ቀጭኑን ምረጥ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል መንጠቆው ያንሳል። ለሚንሳፈፈው ሰውነቱን በበግ ጸጉር አትሥራው፤ ክሩ ብቻ ይበቃል። ከመወርወርህ በፊት በጣትህ በጣም ትንሽ ቫዝሊን ቀባው።

የሐይቅ ዳር

ስለ ዓሣው እኔ ልመልስ። ያደገ ቆሮሶ በአብዛኛው የሚበላው ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ደቃቅ ዕፅዋት ነው። ስለዚህ ትልቅ ፍላይ ብታሳየው ዞር ብሎም አያይህ። ትንሽ አረንጓዴ ፍላይ ከቄጠማው አጠገብ አስምጠህ ሳታንቀሳቅስ ጠብቅ። አምባዛ የሚያድነው በማሽተትና በጢሙ ነው፤ ሲመሽ ጥቁር ትልቅ ዉሊ በገር ከሥር በዝግታ ጎትትለት። ለፍላይ ከሁሉም የሚሻለው ግን ባርበስ ነው። ነፍሳትም፣ ቀንድ አውጣም፣ ትንንሽ ዓሣም ይበላል፤ ሲይዝም በኃይል ነው።

ለሚንሳፈፍ ፍላይ እውነተኛው ቦታ ባሌ ነው። ከኬንያ የመጣ ትራውት የሚባል ዓሣ በዲንሾ በኩል ባሉት ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ አለ፤ ዌብ ወንዝን ጨምሮ። መጀመሪያ ግን ዲንሾ የፓርኩ ቢሮ ገብተህ ፈቃዱን ጠይቅ።

የታቦር ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። ዛሬ ማታ ሽቦውን እሞክረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ለጅራቱ አሞራ ገደል ከሚውሉት አባ ኮዳዎች የወደቀ ላባ ብለቅም ይሆናል? የጉሬዛ ጸጉርስ?

ጋሼ መንጠቆ

ድሮ ለፍላይ ጅራት የሚፈለገው ለስላሳ ላባ በእርግጥም ከአባ ኮዳ ጭራ ሥር የሚነቀለው ነበር። ዛሬ ግን በዚያው ስም የሚሸጠው የተርኪ ላባ ነው። መሬት ወድቆ የምታገኘው አብዛኛው ደረቅ የክንፍ ላባ ነው፤ ለዚህ አይሆንም። የሴት ዶሮ የጀርባ ላባ ሥር ያለውን ለስላሳ ጸጉር ሁለት ሦስቱን ደርበህ እሰር፤ ውሃ ውስጥ እንደዚያው ይርገበገባል። ጉሬዛ የዱር እንስሳ ነው፤ አይነካም። ረጅም ጥቁር ጸጉር ከፈለግህ ፍየል ከሚያርዱ ሰዎች ጠይቅ።

ስፌት ቤት

የሰበሰብከውን ላባና ጸጉር ሁሉ በሳሙና አጥበህ ጥላ ውስጥ አድርቀው። ከዚያ በፌስታል ቋጥረህ ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ፤ ብል ካለበት ይሞታል። ስታወጣው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከናፍታሊን ጋር አስቀምጠው። ልብስህ ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ግን አታግባው።